ይሉኝታ የሌለው ደንበኛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት ሥራ ጥሩ ነበር። ከሰዓት ቀዝቀዝ አለ። መስታወቱን ወለወልኩ፣ መቀሶቹን ሳልኩ፣ ሬዲዮ ሰማሁ። ወደ ማታ ባለቤቴ ጎፈሬን ይዛው መጣች። ጎፈሬ ያልኩት ልጄን ነው። አራት ዓመት ካለፈው ቆየ፤ መቀስ ባየ ቁጥር ሰፈሩን በጩኸት ስለሚያናውጠው ፀጉሩ እንደበቀለ ቀርቷል። የፀጉር አስተካካይ ልጅ! ደንበኞቼ አይምሩኝም። ጡረታ የወጡት ሹፌር ዛሬም ለማስታወቂያ ነው እንዴ ያስቀመጥከው ብለው ሲስቁብኝ ነበር።

እኔም ሳቅሁ። ቶንዶሱን አስነስቼ ማጅራታቸውን መላጨት ስጀምር ግን ጎፈሬ ጆሮውን ይዞ መታጠቢያው ሥር ገባ። ቶንዶሱን እስካጠፋው አልወጣም። ምኑ ነው እንዲህ የሚያስፈራው? የአባቱን ሥራ ንቆ እንዳይሆን ብቻ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከኬጂ ተደወለ። ነክሷል። ጎፈሬ ዳግመኛ ልጅ ነክሷል።

ከእረፍት ሲገቡ ነው አሉ። ደወል ተደወለ፣ ተሰለፉ፣ ከኋላው ያለችው ልጅ ትከሻውን ነካ ስታደርገው ዞሮ ክንዷን ነከሰ። ዳይሬክተሯ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ እናየዋለን። አሁንም ከደገመው ግን ለዘንድሮ ቤት ይቆይ።»

ቤት ከማን ጋር? እኔ ፀጉር ቤት፣ እናቱ ፋርማሲ። እሱስ መላ አይጠፋለትም። የከነከነኝ ሌላ ነው... ገና በአራት ዓመቱ «አስቸጋሪ» የሚል ስም ሊለጠፍበት ነው። ጓደኛ ሳያፈራ።

የልጅቷን እናት በር ላይ አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጅ አይደል እንዴ አለች፤ ፊቷን ግን አልፈታችውም። እኔም ብሆን አልፈታም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

አማቴ ትናንት መጥታ ነበር። በእሷ ቤት በሽታው ቅብጠት ነው፤ አንድ ቀን ጨክናችሁ ብታስለምዱት ይተዋል አለች። ልቤ ሰማት። ምን አለ ባይሰማት ኖሮ!

ዛሬ ፀጉር ቤቱ ዝግ ስለሆነ ይዤው ሄድኩ። ደስ ብሎት ነበር የመጣው፤ ወንበሩ ላይ መሽከርከር ይወዳል። ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። በአንድ እጄ ራሱን ያዝኩ፣ በሌላው ቶንዶሱን ከግንባሩ ወደ ኋላ ነዳሁት። እጄን ነከሰኝ። አስመለሰው። ትንፋሹ እስኪቆራረጥ አለቀሰ።

አሁን ልጄ መሃል ራሱ ላይ ጎዳና ተቀዶለታል። ግራና ቀኙ ጫካ ነው።

ባለቤቴ እሱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ይሄን የሠራው ባለሙያ ነው? አለች።

እራት ላይ አጠገቤ አልቀመጥም አለ። ዳቦ ሳቀብለው እጄን አይቶ ሸሸ። ዳቦውን ሳይሆን እጄን... ሰው ሁሉ አምኖ ጭንቅላቱን የሚሰጠውን እጅ የገዛ ልጄ ፈራው። በጣም ነው የከፋኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ኮፍያ አያደርግም፤ ያሳክከዋል። ስለዚህ ጎዳናውን ይዞ ነው ኬጂ የሚሄደው። ልጆቹ «አስፋልት» ብለውታል። እሱ እቴ፣ ወዶታል! መጫወቻ መኪናውን ራሱ ላይ እየነዳ ሲያሳያቸው ዋለ አሉ።

ከሰዓት የልጆች ሐኪም ጋ ወሰድነው። አንዳንድ ልጅ ድምፁም ንክኪውም ከሌላው ሰው ይበልጥ ይሰማዋል አለችን። የሚነክሰው ከክፋት ሳይሆን መላው ሲጠፋበት ነው። ወደ ሌላ ባለሙያ ላከችን። እስከዚያው ከመጮሁ በፊት ምን እንደነበረ እያያችሁ ቆዩ አለች። ባለቤቴ እፎይ አለች። እኔ እሺ ብዬ ወጣሁ፤ የገባኝ ነገር ግን የለም። ንክኪ ንክኪ ነው፣ ደግሞ እንዴት ይበልጣል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ገባኝ!

ሹፌሩን አስተካክዬ ጨረስኩና እንደ ልማዴ ለስላሳውን ብሩሽ አንስቼ አንገታቸውን ላራግፍ ስል፣ ከኬጂ መጥቶ ጥግ የተቀመጠው ጎፈሬ ብሩሹ ይቅር፣ ብሩሹ ይቅር እያለ መንጫጫት ጀመረ። ለአንተ አይደለም ለጋሼ ነው አልኩት። እሳቸው በመስታወቱ አዩኝና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁ እውነቱን ነው። ያ ብሩሽህ አንገቴ ላይ ሲሄድ ትል የሚሄድብኝ ነው የሚመስለኝ። ቤቴ እስክገባ ይቀፈኛል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ምነው እስከዛሬ ዝም አሉ?»

«ይሉኝታ ነዋ ልጄ። ሰው በደግ እጁ እያጸዳኝ ምን ልበል?»

እኔ ሞኙ ደግሞ ለእሳቸው ሲሆን አስረዝመዋለሁ! ማክበሬ ነበር እኮ። ሁለታችንም እስኪበቃን ሳቅን። ከዚያ ፎጣ አነሳሁና ማጅራታቸውን ጫን አድርጌ ጠረግኩላቸው። እንዲህ ነው እንጂ አሉ፣ ትከሻቸው ወረደ።

ጎፈሬ እጄን ያያል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ወንበሬ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ምንም የለም፣ እጅህ ይባረክ ይላሉ። ጋሼ የነገሩኝን ስነግራቸው ይከፈታሉ። የሒሳብ አስተማሪው ቶንዶሱ ጆሮው አጠገብ ሲደርስ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚቀመጠው። የባንኩ ልጅ የአንገት ጨርቁ ያንቀዋል። ጎረቤቴ ጫማ ሰሪው ሽቶውን ጠልቶት ቤቱ ሲገባ ይታጠበዋል። እኔ ደግሞ ለጎረቤት ብዬ እጥፍ ነው የማፈስለት...

የምኮራበት ፀጉር ቤት ለካ ሰው ችሎኝ የሚወጣበት ቤት ኖሯል።

ልጄ የሚጮህበትን ሁሉም በትንሽ በትንሹ ያውቁታል። ለእነሱ ቀለል ያለ ነው፣ ይሉኝታም አላቸው። እሱ ይበዛበታል፣ ይሉኝታ የሚባል ነገርም ገና አልደረሰበትም። እውነቱን የነገረኝ ደንበኛ እሱ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ይዤ ላጨሁት።

ባለቤቴንም የምትችይልኝ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሻይ ስትጠጣ የምታሰማው ድምፅ አለች። ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልፈጀባትም! ከመቼ ጀምሮ ስላት፣ ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ አለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ኬጂ ሄድኩ። የት እንደሚሰለፍ አሳዩኝ አልኩ። ደወሉ ሥር፣ ያውም መሃል ላይ! ደወሉ ከላይ ይጮህበታል፣ ልጆቹ ከኋላ ይገፉታል። መጨረሻ ይቁም፣ ደወሉም ሊደወል ሲል ይነገረው ብዬ ለመንኩ። ዳይሬክተሯ ለእያንዳንዱ ልጅ እንዲህ ከተደረገ ሥርዓት አይኖርም አለች። አልፈርድባትም፣ ስንቱን ልጅ ይዛለች። ሚሱ፣ የክፍሉ አስተማሪ፣ ናት ያዳነችኝ። እኔ እነግረዋለሁ፣ መጨረሻ ቢቆም ማን ይጎዳል አለች።

የወሩ መጨረሻ ግን እንዳለ ነው። ዳይሬክተሯ ሐሳቧን አልቀየረችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ጫማውን ወረወረ። ማንንም አልመታም። ሚሱ በር ድረስ እየሮጠች መጥታ አልነከሰም አለችኝ። ልጄ ጫማ ወረወረ ተብዬ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ስልክ አልተደወለም። እኔ ግን ስልኩን ሳየው ዋልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ተደወለ። ና አሉኝ፣ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ደንበኛዬን ግማሽ ራሱን እንዳስተካከልኩት ትቼው ሮጥኩ። (ተመልሼ ጨረስኩለት። ሬዲዮ እየሰማ ጠበቀኝ፣ አልከፋውም... ወይስ ይሉኝታ ይሆን?)

ዳይሬክተሯ በር ላይ ቆማለች። ከእረፍት ሲገቡ አዲስ የገባ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ጎፈሬን ከኋላ ጥምጥም አለበት አለች። ሚሱ ልትደርስ አልቻለችም። ዳይሬክተሯ እራሷ በቃ አለቀ ብላ ነበር። ጎፈሬ ግን ተመንጭቆ ወጣና ግቢው እስኪሰማ ጮኸ።

«መጀመሪያ ንገረኝ!»

አዲሱ ልጅ ደንግጦ ቆመ። ከዚያ፣ ልነካህ ነው አለው። ጎፈሬ አሰበበት አሉ። አስቦ አስቦ፣ አይሆንም አለው። ከዚያ ሁለቱም ወደ ክፍል ገቡ።

ዳይሬክተሯ ይህን ስትነግረኝ ሳቋ እያመለጣት ነው። ይቀጥላል አለች። በቃ፣ ይቀጥላል። እጇን ልስም ምንም አልቀረኝ።

አሁን ቤት ነን። እናቱ ወጥ ቤት ናት። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ከዚያ እሑድ ወዲህ እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም። አልተንቀሳቀስኩም። ቀኝ እጄን በሁለት እጁ አነሳና ራሱ ላይ አስቀመጠው።

«ጫን አድርገህ» አለ።

ጫን አደረግኩ። ዓይኑን ጨፈነ። እንባዬ መጣ። እስኪነጋ እንደዚያው ብንቆይ ደስ ባለኝ...

«በቃ» አለ።

አነሳሁ።