የግማሽ ሰዓት ገንፎ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ወገብሽ እንዴት ነው? ጡትሽስ ወተት ያዘ? ልጅቷ እንቅልፍ ትሰጥሻለች ወይስ እንደ አንቺ ናት? እኔና አባትሽ፣ እሱ ከሚስቅብኝ ሳቅ በቀር፣ ደህና ነን።

ምነው ቀረሽ ብለሽ ስትደውዪ መስመሩ የተቆራረጠው በኔትወርክ አልነበረም። አባትሽ አጠገቤ ተገትሮ ስለነበር ነው። አሁን ፒያሳ ወጥቶልኛል፤ ላጫውትሽ።

ዕድሜዬን በሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ከጎንደር ላሊበላ በመኪና ቀኑን ሙሉ ነው፤ ሦስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። ካርታው ላይ ማስመሪያ ሳሳርፍ ግን በአየር ግማሹን ሆኖ አገኘሁት። በረራው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ግማሽ ሰዓት ማለት፣ ልጄ፣ ገንፎ የማይቀዘቅዝበት ጊዜ ነው! ስለዚህ መገላገልሽን እንደሰማሁ እዚሁ አገነፋሁልሽ። ቅቤና በርበሬውን መሃሉ ላይ አድርጌ፣ በትልቁ የምግብ ፔርሙዝ ከድኜ በጋቢ ጠቀለልኩት። አማትሽ እትዬ ወለተሩፋኤል ሸጋ ሴት ናቸው፤ ቢሆንም የልጄን የአራስ ገንፎ ሌላ ሰው ሊቀድመኝ? በጭራሽ።

በረራው ግማሽ ሰዓት ቢሆንም አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ቀድሞ ሄዶ ለረጅም ሰዓት መጎለት እንዳለ ማስመሪያ አያሳይም። ፈታሿ ፔርሙዙን አስከፈተችኝ። እንፋሎቱ ፊቷን ሲያገኘው፣ ምነው እማማ፣ የማን አራስ ናት አለችኝ። የልጄ ናት፣ ሴት ወለደች አልኳት። እልል ብላ ጣቷን ሰደደች! የአራስ ገንፎ ደግሞ አይከለከል። መጠበቂያው አዳራሽ ስደርስ እልልታውን የሰሙ ሴቶች ከበቡኝ፤ እኔም ከገንፎው ማጉረስ ጀመርኩ፤ ለሴት ልጅ ከሚገባውም በላይ እልል አሉልሽ።

ስሜ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ፣ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ፋሲካ የምትባል የአይከል ሴት፣ እርስዎን እኮ ነው የሚጠሩት አለችኝ። መጀመሪያ ገንፎው ይለቅ አልኳት። ደግመው ጠሩኝ። ይሄኔ የፔርሙዙን ቂጥ እየጠረግሁ ነበር። በመስኮት ሳይ ያ አውሮፕላን ይጮሃል፣ ክንፉ ይንቀጠቀጣል። አንዷ በቃኝ ስትለኝ ሞቼ ልገኝ ብዬ አጎረስኳት። ከዚያማ ሄደ።

አባትሽ ፈርታ ነው ይላል፤ አትስሚው። እንግዳን ጉርሻ ላይ ጥሎ መነሳት የማን አገር ወግ ነው?

ነገ እሱ ይበራል፤ ይህንንም ደብዳቤ አሽጌ አስይዘዋለሁ። እኔ ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ እነሳለሁ። የልጅ ልጄን ቀድሞኝ ሊያቅፍ ነው፤ ይቅናው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከወለድሽ ወዲህ እንባዬ አልቆመም። ያለችኝ አንዲት ልጅ ስታምጥ እጇን የያዛት ሌላ ሰው ነው። ይህ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ለቅሶ አይደለም። ደብረ ታቦርን፣ ጋሸናን እያለፍኩ አልቅሼ ልጨርስና አማትሽ ፊት ስቄ ልግባ።

እመቤቴ ሁለታችሁንም በእቅፏ ታኑርልኝ። አንቺም ለልጅ ልጅ ብቂ፤ ልጅሽም በእግር ከሚደረስበት ሰፈር ትውለድልሽ።

እናትሽ