በብርቄ አንገት ላይ ያንጠለጠልኋት ጨረቃ

ጎንደር፣ የካቲት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለይመኙሽ፣

የኪየቭ በረዶ ያንን ረጅም አፍንጫሽን ቆርጦ ካልወሰደው እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምሁት የሚቀጥለውን ስታነቢ ልብሽ ቀጥ እንዳይል ነው። ባለቤቴ እጅጋየሁ «ትምህርቷን ጨርሳ እስክትመጣ ዝም በል» ብላኝ ነበር። እኔ ሚስቴን መቼ ሰምቼ አውቃለሁ! ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ደብዳቤም ባልተጻፈ።

ልጅሽን ብርቄን ትተሽልን ስትሄጂ፣ ጓደኛ ይሆኗት ብላ እጅጋየሁ የጎረቤት ልጆችንም መጠበቅ ጀመረች። እናቶቻቸው ሆስፒታልና መሥሪያ ቤት ሲውሉ ግቢያችን በጫጫታ ይሞላል። እኔም ከጓሮው ጥግ የማኪና ባትሪ እጠግን ነበር። ከተበላሹት ባትሪዎች የሚወጣውን እርሳስ አቅልጬ፣ በጭቃ ቅርጽ እያፈሰስሁ ዶሮ፣ አህያ፣ አንበሳ እሠራላቸው ነበር።

«አያ ላቀው፣ የኔ አህያ አንድ ጆሮ የላትም!» ትለኛለች ብርቄ።

«ያንቺን ወሬ መስማት ሰልችቷት አውልቃ ጥላው ነው።»

እጅጋየሁ «ያንን ጭስ ከልጆቹ አርቅልኝ» ባለች ቁጥር «ጭስ ያልጠገበ ልጅ አይጠነክርም» እያልሁ አሾፍባት ነበር።

ከመስከረም ወዲህ ብርቄ ሆዴን፣ ሆዴን ማለት አበዛች። ምግብ ጠላች፣ ፊቷ ገረጣ። ጎረቤቱ ሁሉ «ቡዳ በልቷት ነው» አለ። እኔ እንዲህ ባለው ነገር እንደማላምን ታውቂያለሽ። ለማሣቅ ብዬ ከዚያው እርሳስ ትንሽ ጨረቃ ሠርቼ፣ ወልውዬ፣ በክር አንገቷ ላይ አሰርሁላት። «ይኸው የአያ ላቀው ክታብ! ቡዳው ሲያያት የራሱን ዓይን ይታመማል» ብል ግቢው በሙሉ ሣቀ። ብርቄም ወደደቻት። ስትጫወትም ስትተኛም ከአፏ አትለያትም።

ልጅቷ ባሰባት። ሲብሳት ደግሞ ዓሣ ሠርቼ ጨመርሁላት። ዓሣዋን ሳፈስ የሣቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልሣቅሁ።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ወድቃ ተንቀጠቀጠች። ልጇን ልትወስድ የመጣችው ነርሷ የዓለምወርቅ አቅፋት ሆስፒታል ሮጠች። ራጅ ሲነሣ በሆዷ ውስጥ ነጫጭ ፍንጣሪዎች ታዩ። ሐኪሙ «ቤታችሁ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለኝ። «ባትሪ» አልሁት። ይኼኔ አንገቷን አየና ክሩን በመቀስ ቆረጠው። የጨረቃዋ ጫፍ በጥርስ ተሸራርፏል።

«ይህን ማን ሰጣት?»

ይመኙሽ፣ እጅጋየሁ ናት ወደ እኔ ሳታይ «አጎቷ» ያለችው።

የገና ደብዳቤዬ ላይ «ብርቄ ደህና ናት፣ ትስምሻለች» ያልሁሽ ከሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። አንቺም አምነሽኝ ስለ አዲሱ ካፖርትሽ ጻፍሽልኝ።

ሐኪሙ እንዳስረዳን እርሳስ መርዝ ነው። ጭሱም፣ አፈር ላይ የሚያርፈው ብናኝም፣ በልብሴ ይዤው የምገባውም። ትንሽ ልጅን ይበልጥ ይጎዳል፤ አእምሮ ድረስ ይዘልቃል። ሌሎቹም ተመረመሩ፤ የተገኘባቸው አሉ፤ እንደ እሷ የከፋበት ግን የለም። እናቶቻቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አሁንም «አያ ላቀው፣ እንዴት ዋልህ?» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ማቅለጫውን አፍርሻለሁ። ሥራዬን ከከተማ አውጥቼ ሰው ወደሌለበት፣ ወደ ማክሰኝት መንገድ አዛወርሁት። የጓሮውን አፈር ቆፍሬ አውጥቼ ከአሻንጉሊቶቹ ጋር ርቄ ቀበርሁት፤ ቦታውን በንጹሕ አፈርና ጠጠር ሸፈንሁት። ልጆቹ አህዮቻቸውን ሲያስረክቡኝ ምን ያህል እንዳለቀሱ! እጅጋየሁ ቤቱን በመጥረጊያ አቧራ ማስነሣት ትታ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ የለም። እኔም ልብሴን በር ላይ ለውጬ፣ ታጥቤ ነው የምገባው።

ብርቄ ድናለች። ወተቷን ትጠጣለች፣ ትሮጣለች፣ ፊቷም ሸጋ ሆኗል። ብቻ ያን የምትወደውን ጨዋታ «እንቆቅልሽ» ስላት፣ «ምን አውቅልህ» ለማለት አሁን ትንሽ ትቆያለች። ድካም ይሆናል። ሐኪሙም ጊዜ ስጧት ብሏል።

ትናንት ስመለስ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። እጄን ዘርግቼ «እንቆቅልሽ!» አልኋት። አየችኝ። ቆየች፤ ቆየችና፣

«አያ፣ ታጥበሃል?» አለች።

«አዎን፣ ታጥቤአለሁ።»

«በሳሙና?»

ተመልሼ ታጠብሁ።

አይከል ከተማ፣ አያቷ ዘንድ ትሂድ ካልሽ ራሴ አደርሳታለሁ፤ አልቀየምሽም። እዚሁ ትቆይልን ብዬ ልለምንሽ ግን አፍ የለኝም። ብቻ የምትዪውን ቶሎ ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

የጎንደር ታቦታት በሙሉ ከዚያ ብርድ ይከልሉሽ። ልጅሽን በሙሉ ጤናዋ፣ በሙሉ አንደበቷ ለማቀፍ ያብቃሽ።

አጎትሽ ላቀው

በወረቀቱ ጀርባ ያለው የብርቄ መዳፍ ነው፤ እኔ እጇን ይዤ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመርሁት። የራስሽን መዳፍ አኑሪበት። አትፍሪ፤ ሁለታችንም በሳሙና ታጥበን ነው።