ለመልስ የተጀመረው ትዊንሴት

ኅዳር 18፣ ጠዋት

የውስጠኛው አንገት አለቀልኝ፣ ደብተሬ! ዛሬ የላይኛውን ጀርባ ጀመርሁ። በረንዳ ላይ ነኝ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ደስ ብሎኛል። በቃ፣ ደስ ብሎኛል። በጥር ልጄን ልድር ነው።

ልጄ ሰናይት ከፔዳ፣ ከኮሌጇ፣ መጥታ አየችውና ሳቀች። በባሕር ዳር ሙቀት ሹራብ በሹራብ ላይ? ሹራብ አይደለም፣ ትዊንሴት ነው አልኋት። አታውቀውም! የዛሬ ልጆች ሁሉንም ሹራብ ብለው ይገላገላሉ። ማስረዳት ከጀመርሁ ደግሞ ታውቂኛለሽ።

ት/ቤት ሳለን እንግሊዛዊቷ የቤት አያያዝ አስተማሪያችን እንዳሳየችን ነው፦ ከአንድ ክር፣ ከአንድ ቀለም፣ ሁለት ልብስ። የውስጡ እጅጌው አጭር፣ ቁልፍ የሌለው። የላዩ እጅጌው ረጅም፣ ፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋ። አብረው ሲለበሱ ነው ትዊንሴት። ሲሞቅ የላዩን ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ የአንገቷን ቁልፍ ብቻ ቆልፎ። አንዱን ለብሳ ትዊንሴት ለብሻለሁ የምትል ሴት ግን መሳቂያ ናት። በእኛ ጊዜ የሹም ሚስት፣ የባንክ ጸሐፊ ነበረች የምትለብሰው፣ ነጭ ዶቃ አንገቷ ላይ አድርጋ።

"ታዲያ የአድኅሮት ልብስ ነው በይኛ!" አለች። ቀስ በይ፣ ቀበሌ እንዳይሰሙሽ አልኋት። እስክናለቅስ ሳቅን።

የመልሷ ልብስ ነው። ከሠርጉ በኋላ ከባሏ ጋር ወደ ቤቴ ስትገባ።

ኅዳር 25

ክር አነሰኝ! ወ/ሮ ዘሃራ ሱቅ ሮጥሁ። ቀለሙ ለአመል ያህል ከተለየ ትዊንሴትነቱ ቀረ። እሷ ከባንኮኒው ሥር ያንኑ ቀለም መዘዘች። "ለሙሽራዬ ብዬ ደብቄው ነበር፣ ምን ያስደነግጥሻል?" ነፍስ ናት።

ዘሪሁን ለጥር ፈቃድ እንደሚያገኝ ለሰናይት ልኮላታል። እጮኛዋ ነው፣ የቁንዝላ ልጅ። ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ አምና ለውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ነው ያለ። ዝም ያለ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ልጅ። እወደዋለሁ።

ያቺ ስታሾፍ የነበረች ልጅ ደግሞ ዛሬ የውስጡን ለክታ ከመስታወት አልነቀል አለች። ለጓደኞቿ ታስረዳለች፦ የላዩን እንዲህ ጣል ታደርጊና... ቃሌን ሁሉ ሰርቃኛለች።

ታኅሣሥ 3፣ ከሰዓት በኋላ

ደብተሬ። እንዴት አድርጌ ልጻፈው።

ዘሪሁን የለም።

የእድራችን ዳኛ አቶ ሙሉ በጓሮ በኩል ጠርተው ነገሩኝ። ቆስሎ የተመለሰ ጓደኛው ነው ወሬውን ያመጣ። በእጁ ቀብሮታል። መርዶው ግን መጀመሪያ ለእናቱ ነው፣ ደንብ ነው። እናቱ እመት አለሚቱ ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ናቸው። ሽማግሌዎቹ በእሑዱ ጀልባ ይሻገራሉ፣ ሰኞ ሲነጋ ያረዷቸዋል። እስከዚያ አፍሽን ያዢ አሉኝ። እኔን! እኔ አፌን!

ሰናይትስ? አልኋቸው። መሬት መሬት አዩ። "ታጨች እንጂ አልተዳረች። ለእሷ መርዶ የለም፣ እህቴ። ቀስ ብላ ትሰማዋለች።"

ክፉ ሰው አይደሉም። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

ታኅሣሥ 4

ቁልፍ እየመረጥን ነው። ነጩ ይሻላል ወይስ ወርቃማው? ነጩ፣ አልሁ። ድምፄ ደህና ወጣ።

እጅጌውን እሠራለሁ፣ እተረትራለሁ። ደግሞ እሠራለሁ። ምነው ዝም አልሽ፣ አመመሽ እንዴ ትለኛለች። ጉንፋን ነው። "ዘሪሁን እኮ ትዊንሴት ማለት አይችልም፣ ምላሱ ይተሳሰራል። መልሱ ቀን በሰው ፊት ነው የማስጠናው!" ትስቃለች። ወጥ ቤት ገባሁ። የክሩን ጥቅል አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁ፣ ድምፄ እንዳይሰማ።

እግዚአብሔር ሆይ፣ ልጄን ዐይኗን እያየሁ እዋሻታለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ተጨረሰ። ብረት አስነካሁት፣ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት።

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ቦኖው ጋ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች እሷን ሲያዩ ወሬያቸውን ቆረጡ፣ አንዷም ተራዋን ለቀቀችላት። ሰናይት እየሳቀች ገባች። ሙሽራ መሆን ደግ ነው፣ ወረፋ እንኳ ቀረልኝ አለች።

ይህን አልቻልሁትም። ሁሉ ያዘነላት፣ እሷ ብቻ የማታውቅ! ተነሥቼ አቶ ሙሉ ዘንድ ሄድሁ። ጀልባው ላይ እኔንና ልጄን ጨምሩን አልሁ። አልተዳረችም አሉኝ ደግመው። "እመት አለሚቱ ምራቴ ነው የሚሏት። ለቅሶ ላይ ከጎናቸው ስትቀመጥ የሚያስነሣት ካለ፣ እሳቸው ያስነሧት!" ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፣ ሚስታቸው ብቅ አሉ። ከእናቱ በፊት ልትሰማ ነዋ፣ ደንቡ? አሉኝ አቶ ሙሉ። ደንቡን እኔ እሰብረዋለሁ፣ ነውሩም ለእኔ ይሁን።

ሚስታቸው ናቸው የመለሱ፦ "ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትምጣ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።"

እሑድ፣ ንጋት

ቁንዝላ እንሄዳለን ብያት ደስ ብሏት ተነሥታለች። የሠርግ ወጉን ልንነጋገር መስሏታል። ለአማቷ የምትወስደውን ስኳር ትቋጥራለች። ጀልባው ሳይነሣ፣ እዚሁ ቤታችን፣ ከእኔ አፍ ነው የምትሰማው። ከሽማግሌ አይደለም። ከቦኖ ሴቶች አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም፤ ያን ሁሉ ስለፈልፍ የኖርሁት ሴትዮ። እጇን ይዤ እንድትቀመጥ እነግራታለሁ። ስኳሩን ከእጇ እቀበላታለሁ፣ ከዚያ

እየጠራችኝ ነው። መጣሁ አልኋት።