ፊርማዬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የቢሮዎ ግድግዳ በወፍራም ድንጋይ የተሠራ መሆኑን ባለፈው ወር ደጅ ስጠና በዓይኔ ስላየሁ ለደኅንነትዎ ያን ያህል አልሰጋም። እኔም ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ ደህና ነኝ።

ሥራዬ ፋርማሲስት ነው። የምኖረው አከራያችን አንዱን ሰፊ ቤት በቺፑድ ለሁለት ከፍሎ ካከራየው በአንደኛው ወገን ሲሆን፣ በሌላኛው ወገን ጎማ ሻጩ ጎረቤቴና ሚስቱ ይኖራሉ። ከቺፑድ ወዲህ የሚኖር ሰው ከቺፑድ ወዲያ ያለውን ጠባይ ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም፤ ሰውየው ሲቆጣ የተሰበረው ትልቁ ሳህን ይሁን ትንሹ ባለቤቴ በድምፁ ትለየዋለች።

ስለዚህ አቤቱታዬን ከማቅረቤ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ከአምስት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎረቤቴ የጽሕፈት ቤትዎን ቅጽ ይዞ በሬን አንኳኳ። ሽጉጥ ለመግዛት ሦስት ምስክር እንደሚያስፈልገው፣ ፀጉር አስተካካዩና ጡረተኛው አስተማሪ እንደፈረሙለት፣ የቀረሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገረኝ። በቅጹ ላይ «አመልካቹ ረጋ ያለና መልካም ጠባይ ያለው ሰው መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ታትሞበታል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ እንዳይቀርበት ብሎ፣ አስተማሪው መነጽራቸውን ቤት ረስተው፣ እኔ ደግሞ በይሉኝታ ፈረምን። ደጃፍ ላይ ቆሞ ፈገግ ያለን ሰው እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ወረቀቱን በሩ ላይ አስደግፌ፣ ቀለሙ ባለቀ የእሱ እስክሪብቶ፣ እንደቆምኩ ፈረምኩለት። የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሽጉጡን ታጥቆ ተመለሰ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርሜያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ውሸት ግን ፈርሜ አላውቅም፤ አፍሬበታለሁም።

ክቡርነትዎ እንዳይሳሳቱብኝ፣ ሰው መሣሪያ አይያዝ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አባቴ የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ፈቃድ ያለውን ጠመንጃቸውን በአንድ ሣጥን፣ ጥይቱን በሌላ ሣጥን ቆልፈው የሁለቱንም ቁልፍ ለእናቴ ይሰጧት ነበር፤ «ተናድጄ ከጠየቅሁሽ እንዳትሰጪኝ» የሚል መመሪያም ጨምረው። የእኛ ጓዳ ደንብ ከጽሕፈት ቤትዎ ደንብ ይበረታ ነበር ብል ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። እኔ የእንቅልፍ ክኒን ለመሸጥ የሐኪም ማዘዣ ማየት፣ በመዝገብ ማስፈር፣ ክኒኑንም በተቆለፈ ቁም ሣጥን ማስቀመጥ ግዴታዬ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የጎረቤቴ ሚስት ወደ ፋርማሲው መጥታ ይህንኑ ክኒን ጠየቀችኝ። ማዘዣ አልያዘችምና በሕጉ መሠረት መለስኳት። እንቅልፍ ለምን እንዳጣች ስጠይቃት ዙሪያዋን ቃኘት አድርጋ፣ «እሱ ትራሱ ሥር አድርጎት ነው የሚተኛው፤ ትራሳችን ደግሞ አንድ ነው» አለችኝ። ለእንቅልፏ የሐኪም ፊርማ የሚፈለግበት፣ እንቅልፏን ለነሳት ዕቃ ግን የሦስት ጎረቤት ይሉኝታ የሚበቃበት አሠራር ምንኛ የታሰበበት ነው! ሰውየውን ከማንም በላይ የምታውቀውን እሷን የጠየቃት አለመኖሩም ጊዜ ለመቆጠብ እንደሆነ ይገባኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀዳዳው። ከሁለት ወር በፊት ጎረቤቴ ሽጉጡን ሲያጸዳ ባረቀበት። ጥይቱ ቺፑዱን በስቶ፣ ባለቤቴ ስትተኩሰው የነበረውን ነጭ ጋዎኔን ልክ ደረቱ ላይ መታው። ባለቤቴ በዚያች ደቂቃ ካውያውን አስቀምጣ ስልክ ልታነሳ ሄዳ ነበር። የደወለችው፣ ስልክ ታበዛለች እያልኩ ስነጫነጭባት የኖርኩት እህቷ ናት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቀኑን ሙሉ ብትደውል ቃል አይወጣኝም። ለጽሕፈት ቤትዎ ሳመለክት፣ የተመደበልኝ ባለሙያ የተጎዳ ሰው መኖሩን ጠየቀኝ። የለም ስለው ጥቂት ቅር ያለው መሰለኝ፤ እንግዲያው የግድግዳ ጉዳይ ስለሆነ አከራዬን እንዳነጋግር በትሕትና መከረኝ። አከራዬም ቀዳዳው በውላችን ውስጥ እንደሌለ ገለጸልኝ። አሁን በዚያ ቀዳዳ የጎረቤቴን ቴሌቪዥን ግማሹን እናያለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። የሰጠሁትን ምስክርነት ለማንሳት ስመጣ፣ የመፈረሚያ እንጂ የመሰረዣ ቅጽ እንደሌላችሁ ተነገረኝ። ስለዚህ በተራ ወረቀት፣ ወንበር ላይ ተደላድዬ፣ በራሴ እስክሪብቶ ማመልከቻ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረሰኝ መልስ «የአመልካቹ ፊርማ በምስክርነት ቅጹ ላይ ካለው ፊርማ ጋር የማይመሳሰል ሆኖ በመገኘቱ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። ሰውን በጠባዩ መለየት ያልቻለው ዓይን የፊርማዬን ጅራት ማጠሯን ማየቱ አስደንቆኛል። በሩ ላይ ተደግፎ የተፈረመው ውሸት ጸንቶ፣ ተቀምጬ የፈረምኩት እውነት ወደቀ።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ከበድ ይለኛል። በዚያ ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ፡ ለመሣሪያው ባለቤት» የሚል ተጽፎበታል። ግልባጩ ከዋናው አንድ ቀን ቀድሞ ደረሰ። ጎረቤቴ ወረቀቱን አጣጥፎ ይዞ መጣና፣ «ዶክተር፣ ቅር ያሰኘሁህ ነገር ካለ በጉርብትና መነጋገር እንችል ነበር እኮ» አለኝ። ይህን ሲል እጁን ወደ ቀበቶው ሰደደ። ሱሪውን ሊያስተካክል ይሆናል፤ በሰው ክፉ አላስብም። ከዚያን ዕለት ወዲህ ከቺፑዱ ማዶ ሳህን ሲሰበር አንሰማም። ሚስቱንም ግቢው ውስጥ ሳገኛት አንገቷን ደፍታ ታልፈኛለች። ባለቤቴ ይህ ዝምታ ከሳህኑ ይልቅ ያስፈራታል፤ እኔንም ያስፈራኛል።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩበት ምክንያትም ይኸው ነው። አሽጌ ያስገባሁት እሱ እጅ ከገባ፣ ለሁሉ ተከፍቶ የሚነበበው ቢያንስ ምስክር ይኖረዋል። በዚያ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ ቢገኝ፣ ወይም ከግድግዳው ማዶ ያለችው ሴት ድንገት ከግቢው ብትጠፋ፣ አልሰማንም የሚል እንዳይኖር ነው።

ክቡርነትዎ ጊዜ ካገኙ፣ ከምሳ በፊት አመልክቶ ከምሳ በፊት መታጠቅ ቀርቶ ሁለት ሳምንት ቢያስጠብቁ፤ አብራ የምትኖረውን ሴት ብቻዋን ጠርተው ቢጠይቋት፤ ጥይትና ሽጉጥ በየሣጥናቸው መቆለፋቸውን የሚያይ ሰው ቢልኩ፤ የሚያመለክተውንም ሰው ስም ለሚያመለክትበት ሰው ባይልኩ፣ ከአንድ ፋርማሲ የሚያንስ ጥንቃቄ አደረጉ የሚልዎ አይኖርም።

ለዘወትር ትጋትዎ፣ ለፈጣን ማኅተምዎና ለወፍራም ግድግዳዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በቀዳዳው በኩል እጅ እነሣለሁ።

ታማኝ ምስክርዎ፣
ፋርማሲስቱ

ግልባጭ፡ ለጎረቤቴ። ከጽሕፈት ቤትዎ በፍጥነት ስለሚደርሰው እኔ አልላክሁለትም።

ማስታወሻ፡ ይህን ጽፌ ልፈርም ስል ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። ሁለተኛ ሽጉጥ ሊገዛ አስቧል፤ ለሚስቱ መጠበቂያ መሆኑን ነግሮኛል። ቅጹን አምጥቶ እስክፈርም ድረስ፣ እንደ ፊተኛው ቀን ፈገግ ብሎ፣ እጁን ቀበቶው ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። ፈረምኩለት። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፊርማው ከመጀመሪያውም ከሁለተኛውም ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። እባክዎ፣ የእኔን ማመልከቻ የጣሉበትን ያን ጥንቁቅ ዓይን ለዚህ ቅጽም እንዳይነፍጉት።