የተከደነው ወተት

ጂንጁ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2019

ለወንድሜ ለዶንግሱ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሲድኒ ሙቀቱ እንዳስቸገራችሁ ጽፈሃል። እዚህ ግቢው በረዶ ጋግሯል፤ የወደቅኩትም እሱ ላይ ነው።

የላክኸው የካልሲየም ኪኒን ደርሷል። ስድስት ብልቃጥ፣ ዕድሜ ላንተ! ደብዳቤህንም ሁለቴ አነበብኩት። በቀን ሦስት ብርጭቆ ወተት፣ እርጎ፣ ከነአጥንቱ የሚበላ ዓሣ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ የጠዋት ፀሐይ። ጥሩ ምክር ነው። እኔ የጠየቅኩህ ግን ምክር አልነበረም። ለሦስት ወር መጥተህ እማዬን ያዝልኝ ነው ያልኩህ። ስለሱ አንዲት መስመር አልጻፍክም።

ምናልባት በቅጡ አላስረዳሁህ ይሆናል። የተሰበረው የእጄ አንጓ ብቻ አይደለም። በራጅ ሲያዩት የጀርባ አጥንቴም ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። አጥንትሽ ሳስቷል፣ ባልዲ ውሃ እንኳ እንዳታነሺ ተብያለሁ። እማዬ ደግሞ አልጋ እምቢ ብላ ዛሬም ወለል ላይ ነው የምትተኛው፤ ጠዋት ጠዋት ብብቷን ይዤ የማስነሳት እኔ ነበርኩ። አንዴ ከቆመችማ በምርኩዟ ማድ ቤቱን ታተራምሰዋለች። አሁን የምታስነሳት ጎረቤታችን ሱንጃ ናት፤ እሷም የፊታችን ሳምንት የጨረቃውን አዲስ ዓመት ውላ ልጇ ዘንድ ትሄዳለች።

እማዬ የኔን ነገር እንደሰማች የበሬ አጥንት አስገዝታ ሦስት ቀን ሙሉ ቀቀለች። ነጭ ነገር አጥንት ይሆናል ባይ ናት፣ ታውቃት የለ። ሐኪሙ መረቁ ውስጥ ያለው ካልሲየም እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ፣ ንጣቱም የስቡ እንደሆነ ሲነግራት፣ ልጁ ገና ነው፣ ምን ያውቃል አለችኝ። ያንን ደረቅ ትንንሽ ዓሣም ቢሆን ዕድሜ ልካችንን ቀቅለን፣ ውሃውን ለሾርባ ይዘን፣ ዓሣውን ስንደፋ ነው የኖርነው። ለካ ካልሲየሙ የተደፋው ውስጥ ነበር።

ሐኪሙ እኔ በልጅነቴ ወተት እጠጣ እንደነበር ጠየቃት። ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ «ኧረ እሷ ወተት አትወድም ነበር» አለችው። በሰው ፊት እናት አትጋለጥም።

ዶንግሱ፣ ያ ወተት ትዝ ይልሃል? ወተት አዳዩ ፒዮ በብስክሌቱ በየማለዳው አንድ ጠርሙስ ያመጣ ነበር። አንድ ብቻ፣ ላንተ። አንተ ስምንት ዓመትህ፣ እኔ አሥራ ሁለት። እንዳይቀዘቅዝብህ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ትምህርት ቤት ድረስ የማደርስልህ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ልንገርህ፤ ማድ ቤቱ ጓሮ ቆሜ ግማሹን እጠጣውና የጎደለውን በነጩ የሩዝ እጣቢ እሞላው ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ። ወተቱ ቀጠነ ብለህ ስታማርር እማዬ ምስኪኑን ፒዮን ሌባ ብላ ሰፈር ፊት አዋርዳ አባረረችው። እኔ በሩ ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር። ከዚያ ሌላ ወተት አዳይ ተቀጠረ፤ ጠርሙሱንም እማዬ ራሷ ታደርስልህ ጀመር።

አሁን ምክርህን ሰምቼ ወተት ብጠጣ ሆዴ ይገለባበጣል። ያልለመደ ሆድ ነዋ። ስልሳ ሊሞላኝ ነው፣ እንግዲህ መቼ ላስለምደው?

ትናንት ጠዋት እማዬ በምርኩዟ እየተንገዳገደች ትኩስ ነገር በጎድጓዳ ሳህን ይዛልኝ መጣች። ነጭ። ምንድነው አልኳት።

«ወተት ነው። ሆድሽን እንዳያምሽ በሩዝ እጣቢ አቅጥኜዋለሁ» አለች። ከዚያ ፊቴን ሳታይ፣ «እንደ ድሮሽ» አለችኝ።

ታውቅ ነበር። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። ፒዮንም ያዋረደችው እያወቀች ነው፣ እኔን ልትሸፍን። ይህን ሳስብ አንጀቴ ሊራራ ምንም አልቀረው። ግን ወንድሜ፣ ልጇን ወተት እንዳማራት እያወቀች፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ስኒ እንኳ ቀድታልኝ አታውቅም። ያንገበገበኝ ይህ ነው። ስብራቱን እችለዋለሁ።

ምርር ብሎኝ ሳህኑን ወደሷ ገፋሁት። «ለዶንግሱ አስቀምጪለት» አልኳት። ለነገር ነበር ያልኩት። እሷ ግን ፊቷ በራ።

«ይመጣል እንዴ?»

ምን ልበላት? አዎ፣ ይመጣል አልኳት። ሳህኑን ከድና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠችው። ዛሬም ሁለት ጊዜ ገልጣ አይታዋለች፤ እንዳልነካውም አስጠንቅቃኛለች።

ኪኒኑን እየዋጥኩ ነው፣ አታስብ። ልጆችህ ይደጉልህ፣ አጥንታቸው ይጥናልህ። ወተት ብዙ ቀን አይቆይም።

እህትህ ማልሱን