ፀዳል በፋሲካ የቀረችበት ምክንያት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ታዬ፣ ድሬዳዋ።

እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎን ያ ሕመም ለቀቀዎት ወይ? ባለቤትዎ እትዬ ሰብለወርቅስ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቻሉ? እኛ የጅቡቲው የአርሂባ ሰፈራችን ሙቀት እንደ ልማዱ ከሚያንገበግበን በቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን።

ልጄ ፀዳል ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ በመቅረቷ እንደተቀየሟት ሰማሁ። ክፍል አስጠርገው ሲጠብቋት እንደነበር ሲነግሩኝ አንጀቴ አረረ። አሁን ነገሩ አልፏልና እውነቱን ልጻፍልዎ።

ጋሼ፣ ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ግብረገብን ነው። ልጆች እውነት መናገርን የሚማሩት ከሚነገራቸው ነው ወይስ ከሚያዩት? ይህን ለማወቅ እዚህ ከተማ ባልባላ በሚባለው ሰፈር ትምህርት ቤቶች እየዞረች ልጆችን በሶማልኛም በፈረንሳይኛም ስታነጋግር ከረመች። ግብረገብ በየሳምንቱ የሚማር አንድ ክፍል ነበር፤ የልጆቹ መልስ ከሁሉም በለጠ። አማካሪዋ ዶክተር ሙሚን ውጤቱን ሲያዩ ደስ ብሏቸው አዲስ አበባ የምሁራን ጉባኤ ላይ እንድታቀርበው አስመዘገቧት። ከዚያ መልስ ነበር ፋሲካን ከእናንተ ጋር ልትውል ያሰበችው።

ልትነሣ ሰሞን የዚያን ክፍል ልጆች ላመስግን ብላ ከረሜላ ይዛ ሄደች። አንዷ ሕፃን እጇን ጎተት አድርጋ፣ «መምህራችን ያስጠኑንን ሁሉ በደንብ መለስንልሽ አይደል?» አለቻት። ለካ መምህሩ እንግዳ ፊት እንዳያፍሩ ብለው መልሱን አስቀድመው አስጠንተዋቸው ኖሯል!

ቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። አባቷ መሳፍንት፣ «ልጄ፣ አንቺ አላስጠናሻቸው፤ ማን ያውቃል? ዝም በይ» አላት። እሷ ግን፣ «አባዬ፣ ስለ እውነት የጻፍኩትን በውሸት ላቁመው?» አለችው። በማግስቱ ለዶክተር ሙሚን ነገረቻቸው። የዚያን ክፍል መልስ በሙሉ ጣለችው፤ ጉባኤውም ቀረ፣ ምረቃዋም ተራዘመ። የመምህሩን ስም ግን በሰው ፊት አላነሣችም። ለእርስዎም በስልክ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብላ ያለፈችው ወሬው እንዳይዛመት ብላ ነው። እዚህ እሑድ የሥራ ቀን አይደል? የፋሲካ ዕለት እኛ ስንፈስክ እሷ ባልባላ ሌሎች ልጆችን ስትጠይቅ ዋለች።

ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጥናቷን ለፈታኞች አቀረበች። የእኔ ፈረንሳይኛ ከገበያ አያልፍምና መሳፍንት በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። አንዱ ፈታኝ ኮስተር ብለው፣ ግብረገብ የተማሩት ካልተማሩት ብዙም ካልተለዩ ታዲያ ምን አገኘሽ አሏት። እሷ ምን ትላለች? «የተመኘሁትን አላገኘሁም። የሸመደዱት ልጆች መልሱን ያውቃሉ እንጂ ከሌሎቹ ይልቅ እውነት አይናገሩም። መምህራቸው ሲሳሳት ‹ተሳሳትኩ› የሚላቸው ልጆች ግን ጥፋታቸውን ለመናገር አይፈሩም።» ከዚያ ያንን ክፍል ለምን እንደጣለችው ከመምህሩ ስም በቀር አንድም ሳትደብቅ ተናገረች።

ሲያበቃ ፈታኞቹ ሊመክሩ ወጡና ዶክተር ሙሚን ወደኛ መጡ። ሐረር ስላደጉ አማርኛቸው የኛው ነው። «ብዙ ተማሪ አስመርቄአለሁ፤ ያማረ ውጤቱን በገዛ እጁ ያፈረሰ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም» አሉን። ወዲያው ፈታኞቹ ተመልሰው በከፍተኛ ማዕረግ ማለፏን አሰሙ። መሳፍንት እንባው ቀደመው። እኔማ የት እንዳለሁ ረስቼ እልልታዬን አቀለጥኩት! አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ! ከመስከረም ጀምሮ መምህር የሚሆኑትን ወጣቶች እንድታስተምር ዩኒቨርሲቲው ጠይቋታል።

እንግዲህ ጋሼ፣ ቂምዎን ይተዉላት። ለፍልሰታ ፍቺ በባቡር ትመጣለች። እትዬ ሰብለወርቅን ጉልበታቸውን ስሜአለሁ። ልጆቹን፣ ይዲድያን አንገቱን አቅፈው፣ ትንሿን ጸደንያን ጉንጯን ስመው ናፍቆቴን ያድርሱልኝ። ጎረቤታችሁን እማማ ወርቅነሽንም ጸሎታቸው ደርሶልናል ይበሉልኝ። እርስዎም ሰፈር ውስጥ «የፀዳል አጎት ነኝ» ብለው ደረትዎን ነፍተው ይሂዱ፤ ያምርብዎታል።

እህትዎ ዓለምነሽ
ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.