ከነአካፋዬ ሲኒማ ቤት

ብሪንዬ፣ ቶኪዮ ሆነሽም የእናትሽ ምርቃት አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። በረዶው መስኮት ደርሷል፤ አባትሽም እንደ ከተማችን ሰው ሁሉ ቤቱን ለፊልም ፌስቲቫሉ እንግዶች አከራይቶ ምድር ቤት አስተኝቶኛል።

ትናንት የደጃችንን በረዶ ስጠርግ ቆይቼ፣ ለፌስቲቫሉ የላክሽው ፊልምሽ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ከነአካፋዬ ሲኒማ ቤት ገባሁ። ሰው ሳቀብኝ። ፊልሙ ሲጀምር ግን ያው አካፋ፣ ያው የለበስኩት የአባትሽ ካፖርት፤ "ጫማሽን አራግፊ!" እያልኩ የምጮኸው እኔው! መቼ ቀረጽሽኝ፣ አንቺ ጉደኛ? ሲያልቅ አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞሮ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠው አባትሽ ዓይኑን እየጠራረገ "በረዶ ገባብኝ" ይለኛል፤ አዳራሽ ውስጥ!

እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። ለከርሞ ግን ከፊልምሽ ጋር አንቺም ነይ። ጫማሽን ሳታራግፊ ብትገቢም አልጮኽብሽም።

እናትሽ ሎርና